«ሚሞሪ» የትኛው ነው? ስለ ቪዲዮ ማቀናበሪያ ኮምፒውተር ክፍሎች ስያሜ

የአንድ ሙያዊ ቃል ብቃት የሚፈተነው ተጠቃሚው በቃሉ ተመርቶ ውሳኔ በሚሰጥበት ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለቪዲዮ ሥራ የሚሆን ኮምፒውተር ክፍል በክፍል መርጦ የሚያስገጥም ሰው የሚገጥሙትን ጥቂት ስያሜዎች እንመለከታለን። የሠርግ ወይም የማስታወቂያ ምስል በማዘጋጀት የሚተዳደር ወጣት አንዲት ቃል ስላሳሳተችው ብቻ የወራት ገቢውን ለማይጠቅመው ዕቃ ሊከፍል ይችላልና ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

በመጀመሪያ የሥራውን መጠሪያ እንይ። ባለሙያዎቹ በአብዛኛው «ኤዲቲንግ» ይሉታል። «አርትዖት» የሚለው ቃል የተገኘው «ቀጥ አለ፣ ቀና» የሚል ፍች ካለው «ረትዐ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ ስለዚህ የተጻፈን ነገር ማቅናትንና ማረምን አጥርቶ ይገልጻል። በቪዲዮ ሥራ ግን ዋናው ተግባር ምስልን ቆርጦ ከሌላው ጋር ማጣመር በመሆኑ «ቅንብር» የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ቃሉ በሙዚቃም ያገለግላል፤ ሆኖም «የቪዲዮ» የሚለው ቅጽል ከተጨመረበት የሚያደናግር ነገር የለውም።

ዋናው ችግር ያለው «ሚሞሪ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ቃል ቢያንስ አራት ነገሮችን ሲወክል እንሰማለን፤ ይኸውም ካሜራ ውስጥ የሚገባውን ካርድ፣ ፋይል የሚቀመጥበትን ዲስክ፣ ፕሮሰሰሩ የሚሠራበትን ራም፣ እንዲሁም በግራፊክስ ካርዱ ላይ ያለውን የራሱን ራም ነው። አራቱም መጠናቸው በጊጋባይት ይለካል። ሆኖም የአንዱ ብዛት የሌላውን ጉድለት አይሞላም። ጎተራ የቱንም ያህል ቢሰፋ እህሉ የሚበጠርበት ሰፌድ ጠባብ ከሆነ ሥራው አይፋጠንም። ዲስኩ ጎተራ፣ ራሙ ሰፌድ ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ለምሳሌ ያህል፣ «ዳቪንቺ ሪዞልቭ» በተባለው የቅንብር ፕሮግራም ሲሠራ አንዳንድ ጊዜ የግራፊክስ ክፍሉ ሚሞሪ መሙላቱን የሚገልጽ መልእክት ይወጣል። መልእክቱን «ሚሞሪ ሞልቷል» ብሎ የተረዳ ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል፤ ፋይል ይሰርዛል፣ ትልቅ ዲስክ ይገዛል፣ ወይም ራም ያስጨምራል። ሦስቱም ለዚህ ችግር መፍትሔ አይሆኑም። የሞላው በካርዱ ላይ የተበየደው ራም ነው፤ እርሱም ከተገዛ በኋላ አይጨመርም። ስለሆነም መጠኑ ካርዱ በሚመረጥበት ዕለት መወሰን አለበት። የሚሞላበትን ምክንያት በስሌት ማሳየት ይቻላል። አንድ የ4ኬ ፍሬም 3840 በ2160፣ ማለትም 8,294,400 ነጥቦች አሉት። ፕሮግራሙ ለቀለም ሥራ እያንዳንዱን ነጥብ በ16 ባይት ቢይዝ፣ አንዱ ፍሬም ብቻ ወደ 133 ሜጋባይት ይጠጋል። ጥራት ማሻሻያና የምስል ማጥሪያ ሲደራረቡ ብዙ ፍሬሞች በአንድ ጊዜ ይያዛሉ፤ 8 ጊጋባይት ያለው ካርድም በዚህ ዓይነት ሥራ ቶሎ ይጨናነቃል።

በስልኮችና በኮምፒውተር ፕሮግራሞች የአማርኛ ትርጉም ውስጥ «ማኅደረ ትውስታ» የሚለው ሐረግ ተለምዷል። ሐረጉ ለጆሮ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ለራም ሲውል ፍቹ ይቃረናል። «ማኅደር» ከግዕዙ «ኀደረ» የወጣ ሲሆን፣ ይህ ግስ በአማርኛ «አደረ» ይሆናል፤ ማኅደር እንግዲህ ማደሪያ ነው። መጽሐፍ የሚከተትበት የቆዳ ማኅደርም ሆነ የመሥሪያ ቤቱ ማኅደር የያዘውን ያሳድራል። ራም ግን ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቅጽበት የያዘውን ሁሉ ያጣል። መብራት ጠፍቶበት ያላስቀመጠው ቅንብር የጠፋበት ሰው ልዩነቱን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ሳያድር የሚጠፋን ነገር ማኅደር ማለት አይገባም ብለን እናምናለን። ስለዚህ ለራም «የሥራ ትውስታ»፣ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ላለው «የካርድ ትውስታ»፣ ለዲስክ ደግሞ ቀድሞውንም የተለመደውን «ማከማቻ» እንድንጠቀም ሐሳብ እናቀርባለን። ውሰት ቃሉን ለሚመርጡ ሰዎች «ራም» ራሱ ደኅና ቃል ነው፤ ማደናገር የሚጀምረው «ሚሞሪ» ብቻውን ሲቆም ነው። ለ4ኬ ቅንብር በእኛ ግምት 32 ጊጋባይት የሥራ ትውስታ ምቹ መነሻ ነው።

ስለ ማከማቻ ስንናገር «ቢት» እና «ባይት» የተባሉትን ተቀራራቢ ቃላት ማንሳት ግድ ይላል። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። «ፕሮሬስ 422» በተባለው የአፕል ስልት የተቀዳ፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም ያለው የ4ኬ ምስል በሴኮንድ 492 ሜጋቢት፣ ማለትም 62 ሜጋባይት ያህል ይጠይቃል፤ በሰዓት 221 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ሦስት ካሜራ በአንድነት ሲታይ ከ180 ሜጋባይት ያልፋል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በተከታታይ ሲያነብ ይህን ያህል ሊሰጥ ይችል ይሆናል፤ ከሦስት ፋይል እየዘለለ ሲያነብ ግን አይችልም። በ«ሳታ» የሚገናኝ ኤስኤስዲ በሴኮንድ ወደ 550 ሜጋባይት ስለሚደርስ ይበቃል። በማያያዣው ላይ «6 ጊጋቢት» ተብሎ የተጻፈውን «6 ጊጋባይት» ብሎ ያነበበ ገዢ ግን ያልተሰጠውን ተስፋ ይዞ ይሄዳል። «ኤም.2» የሚለውም ስያሜ እንዲሁ ያሳስታል፤ ይህ የቅርጽ ስም እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም። በዚያው ቅርጽ ሳታም፣ ከሳታ በብዙ እጅ የሚፈጥነው «ኤንቪኤምኢ»ም ይሠራል።

«አንጎለ ኮምፒውተር» የሚለውን ስያሜ በጥንቃቄ እንመለከተዋለን። አንጎል አንድ ስለሆነ፣ ገዢው ገንዘቡን ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ እንዲያውል የሚገፋፋ ይመስለናል። በቪዲዮ ሥራ ድካሙ የተከፋፈለ ነው። «ኤች.264» እና «ኤች.265» በተባሉት ስልቶች በተጨመቀ ምስል ውስጥ አብዛኞቹ ፍሬሞች ሙሉ ሆነው አይቀመጡም፤ ከጎረቤቶቻቸው የሚለዩበት ብቻ ይመዘገባል። አንዱን ለማሳየት ሌሎቹን አስቀድሞ መፍታት ያስፈልጋል፤ ይህንም በተሻለ ፍጥነት የሚሠራው ለዚሁ የተዘጋጀ መፍቻ ነው። ኢንቴል ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኩዊክ ሲንክ» ብሎ የሚጠራው መፍቻ የሚገኘው ከፕሮሰሰሩ ጋር በተካተተው የግራፊክስ ክፍል ውስጥ ነው። በሞዴሉ ቁጥር መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል ካለ ግን ያ የግራፊክስ ክፍል የለም፤ መፍቻውም አብሮ ይቀራል። 14700 እና 14700ኤፍ የሚለዩት በዚህ ነው። ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙዎች ባለ ኤፍውን ይመርጣሉ። ለጨዋታ ጉዳት የለውም። ካሜራው በ4፡2፡2 ባለ 10 ቢት ኤች.265 የሚቀዳ ከሆነ ግን፣ ይህን ዓይነት ምስል የሚፈታ የኤንቪዲያ ካርድ የወጣው በ2025 እ.ኤ.አ. በ50 ተከታታይ ትውልድ ስለሆነ፣ የቀድሞ ካርድ ያለው ሰው ፊደሏን ልብ ብሎ ማንበብ ይኖርበታል።

የቀሩት ክፍሎች ብዙ አያከራክሩም። «ማዘርቦርድ» እንዳለ ቢቆይ፣ ወይም «እናት አገር» በምንልበት አነጋገር «እናት ሰሌዳ» ቢባል ሁለቱም ይገባሉ። «ኃይል አቅራቢ» ግልጽ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ግን ከእርሱ ጋር «ዩፒኤስ» መግዛት ያስፈልጋል፤ ዩፒኤሱም የሚመረጠው ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ሳለ በሚወስደው ዋት ልክ ነው። ሙሉውን ሣጥን «ሲፒዩ» ብሎ መጥራት ግን ቢቀር እንመርጣለን። ይህ አጠራር ፕሮሰሰሩን ብቻ ለመቀየር የፈለገን ሰው ስለ አጠቃላዩ ሣጥን ዋጋ እንዲደራደር ያደርገዋል፤ ሣጥኑን «ሣጥን» ማለት ይበቃል።