ከባሌስትራ እስከ ዱቄት ብረት፦ የሰንጢ ስለት ትውውቅ

ሰንጢ ሁሉ ከብረት ይሠራል፤ ብረት ሁሉ ግን ስለት አይይዝም። ልዩነቱን በመጀመሪያ የሚያመጣው ካርቦን ነው። በብረት ውስጥ ጥቂት ካርቦን ሲገባ አረብ ብረት የሚባለው የሚገኝ ሲሆን፣ የካርቦኑ መጠን ከመቶ ግማሽ እጅ አልፎ ሲሄድ ብረቱ በእሳት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ለስለት በሚበቃ መጠን ይጠነክራል። ለቤት ግንባታ የሚውለው ተራ ፌሮ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢቀጠቀጥ ቶሎ የሚዶለዱም ቢላዋ ከመሆን አያልፍም። የመኪና ባሌስትራ ግን ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦንና እንደየዓይነቱ ክሮሚየም፣ ሲሊከን ወይም ማንጋኒዝ የተቀላቀለበት በመሆኑ፣ የአገራችን ቀጥቃጮች ለማጭድና ለቢላዋ የሚመርጡት ያለምክንያት አይደለም።

በሰሜን ተራሮች ዙሪያና በወገራ ይህ ሙያ ለረጅም ዘመን በአመዛኙ በቤተ እስራኤላውያን እጅ ነበር። የገበሬው ማረሻና ማጭድ፣ የቤቱ ቢላዋ፣ የእንጨት ቆራጩ መጥረቢያ ከእነርሱ ወናፍ ሥር ይወጣ የነበረ ሲሆን፣ ያው ማኅበረሰብ ግን ባለእጆቹን ቡዳ እያለ ያርቃቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን፣ በተለይም በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች፣ ወደ እስራኤል ሲሄዱ አካባቢው ከሰዎቹ ጋር በቃል የማይነገር የእጅና የዓይን ዕውቀትም አጥቷል።

ያ ዕውቀት ምን እንደሆነ የሚታየው በእሳቱ ፊት ነው። ቀጥቃጩ የባሌስትራውን ቁራጭ በከሰል አግሎ በመዶሻ ቅርጹን ካስያዘ በኋላ እንደገና ያግለዋል። ሙቀቱ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ብረቱ በማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ፍሙ ብርቱካን መምሰል ሲጀምር ዘይት ውስጥ ይነከራል። በዚህ ጊዜ ስለቱ እጅግ ጠንካራ፣ ነገር ግን ቢወድቅ የሚሰበር ይሆናል። ስለዚህ ገጹ ተፍቆ ከጸዳ በኋላ በዝግታ ይሞቃል፤ 230 ዲግሪ ገደማ ላይ የገለባ ቀለም ሲያወጣ ከእሳቱ ይነሣል፣ አልፎ ወደ ሰማያዊ ከሄደ ግን ጥንካሬው ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ቀጥቃጩ የሚለካው በዓይኑ ነው፤ ደግሞም አብዛኛው የስለት ጥራት የሚወሰነው እዚህ ላይ እንጂ በብረቱ ስም ላይ አይደለም።

የፋብሪካ ሰንጢዎች ብረት ከባሌስትራው የሚለየው በይበልጥ በክሮሚየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ ክሮሚየም የበዛበት አረብ ብረት ዝገትን እንደሚቋቋም ካሳየ ወዲህ፣ ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ ክሮሚየም ያለው ብረት የማይዝግ ተብሎ ይጠራል። ይሁን እንጂ ክሮሚየም ከካርቦን ጋር ተጣምሮ ትልልቅ ጠጣር ቅንጣቶች ይሠራል፤ እነዚህም ቅንጣቶች ስለቱን በቀላሉ እንዲሸራረፍ ያደርጉታል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቀልጦ የሚፈሰውን ብረት በጋዝ ግፊት ወደ ዱቄት በትኖ፣ ዱቄቱን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት መልሶ ማጣበቅ ነው፤ ቅንጣቶቹ በዚህ መንገድ እጅግ ደቃቅ ሆነው ይቀራሉ። በዚህ ስልት እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ የቀረበው የአሜሪካው ኤስ 30 ቪ ከመቶ 4 እጅ ቫናዲየም ይዟል፤ የቦለር ኩባንያው ኤም 390 ክሮሚየሙ ከመቶ 20 ይደርሳል፤ የብረት ተመራማሪው ላሪን ቶማስ የቀመረውና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ማግናከት ደግሞ ክሮሚየሙን ወደ 10.7 ዝቅ አድርጎ፣ አብዛኛው በቅንጣት ሳይታሰር እንዲቀር በማድረግ፣ ዝገትን መቋቋምንና ምት መቻልን በአንድ ስለት ለማስታረቅ የተሳካለት ነው።

እነዚህ ብረቶች በሰሜን ተራሮች ባለችው በበየዳ ወረዳ ቢገኙ ከባሌስትራ ይሻላሉ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ሥራው ይለያያል። ሰንጢ ታጥፎ በኪስ የሚያዝ በመሆኑ በማጠፊያው ውስጥ የሽንኩርት ጭማቂ፣ የበግ ደምና የላብ እርጥበት ይጠራቀማል፤ በክረምት ጉም በማይለየው በራስ ደጀን አካባቢ ደግሞ ይህን ማድረቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ለሰንጢ፣ ታጥቦ ከሚሰቀለው የጓዳ ቢላዋ ይልቅ፣ ዝገትን መቋቋም ብዙ ይጠቅመዋል፤ የባሌስትራ ሰንጢ የያዘ ሰው ማጠፊያውን በየጊዜው ካልጠረገና ዘይት ካልቀባ በአንድ ክረምት ይበላበታል።

በአንጻሩ ቫናዲየም ከካርቦን ጋር ሲጣመር የሚሠራው ቅንጣት ከተራ የመሳያ ድንጋይ ይጠነክራል። የዱቄት ብረት ሰንጢ ብዙ ቆርጦ ቆይቶ ሲዶለዱም በወንዝ ድንጋይ ስለቱን መመለስ እጅግ አድካሚ በመሆኑ፣ በአልማዝ ዱቄት የተለበጠ መሳያ ይፈልጋል፤ ባሌስትራ ግን በደጅ ድንጋይ በጥቂት ደቂቃ ይሳላል። በየቀኑ ለሚቆርጥና በየቀኑ ለሚስል ገበሬ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ከዚህም በላይ የባሌስትራ ስለት ቢቃጠል ወይም ቢሰበር ደባርቅ ያለ ቀጥቃጭ በከሰሉ መልሶ ሊያጠነክረው ይችላል፤ ኤስ 30 ቪ ወይም ኤም 390 ግን ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሆነ፣ ለደቂቃዎች ሳይዋዥቅ የሚቆይ ሙቀት ስለሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ እቶን ከሌለ አይሞከርም።