አጣጥ ሆስፒታልን የወለደው ማኅበር

ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ፣ ከጉብሬ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል በይበልጥ የሚታወቀው በወሊድ አገልግሎቱ ነው። ሆስፒታሉን እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው የሕክምና ሚስዮን እህቶች ማኅበር በተቋቋመበት ዘመን ግን፣ ለካቶሊክ ደናግል፣ ማለትም ለእግዚአብሔር በይፋ ቃል ገብተው በማኅበር ለሚኖሩ ሴቶች፣ ማዋለድ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ክልክል ነበር።

የማኅበሩ መሥራች ዶክተር አና ዴንገል እ.ኤ.አ. በ1892 በኦስትሪያ ተወልደው፣ አየርላንድ ውስጥ በኮርክ ሕክምና ተምረው፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው፣ ዛሬ የፓኪስታን ከተማ ወደሆነችው ራዋልፒንዲ ተጓዙ። በዚያ ሴቶች በባህላቸው መሠረት ለወንድ ሐኪም ስለማይታዩ፣ ሊድን በሚችል ሕመምና በምጥ የሚሞቱት ብዙዎች ነበሩ። ሴት ሐኪሞች በብዛት እንደሚያስፈልጉ ዶክተሯ ቢረዱም፣ ዕድሜያቸውን ለዚህ ሊሰጡ የሚችሉት ደናግል ደግሞ በሕጉ የታሰሩ ሆኑባቸው።

መፍትሔው የተገኘው የቅዱስ መስቀል ማኅበር አባል በሆኑት አሜሪካዊ ካህን በአባ ማይክል ማቲስ እርዳታ ነው። አባ ማቲስ ለቤንጋል ሚስዮን ድጋፍ ሲያሰባስቡ የቆዩ፣ የቤተ ክርስቲያንን አሠራር ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ፣ አባላቱ እንደ ደናግል አብረው እየኖሩና እየጸለዩ፣ ነገር ግን ይፋዊውን መሐላ ሳይፈጽሙ በሕክምና የሚያገለግሉበትን መተዳደሪያ ደንብ ከዶክተሯ ጋር አዘጋጁ፤ በዚህም ሕጉ ሳይጣስ ሥራው ተጀመረ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1925 በዋሽንግተን ማኅበሩን ያቆሙት ሁለት ሐኪሞችና ሁለት ነርሶች፣ በድምሩ አራት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1936፣ ቫቲካን ባወጣችው መመሪያ ደናግል ማዋለድን ጨምሮ በሕክምና ሙያ ሙሉ በሙሉ እንዲሠሩ ፈቀደች። ስለ ማኅበሩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የዶክተሯ ስም ብቻ ቢሆንም፣ ያለ ካህኑ ደንብ እነዚያ 11 ዓመታት በልመናና በጥበቃ ብቻ ባለፉ ነበር ማለት ይቻላል። አባ ማቲስ በ1960፣ ዶክተር ዴንገል በ1980 ዐረፉ።

ክልከላው በተነሣለት በዚሁ በማዋለድ ሙያ አጣጥ ስሙን አተረፈ። በሆስፒታሉ ግቢ የተሠራው የእናቶች ማቆያ፣ ምጣቸው አስጊ ይሆናል ተብሎ የሚታሰብ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት የወለዱ ከ24,000 በላይ እናቶችን መዝገብ የመረመረ፣ በ2010 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በማቆያው አልፈው ከወለዱት መካከል የሞቱት ከ100,000 ወላድ ሲሰላ 90 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከቤታቸው ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። ልዩነቱን በሙሉ ለማቆያው መስጠት ትክክል አይሆንም፤ በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ምጡ ጠንቶባቸው፣ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚደርሱ ናቸውና። ይሁን እንጂ የሚያስፈራው ይኸው መዘግየት ስለሆነ፣ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም መንታ ያረገዘች እናት ያላቸው ቤተሰቦች ምጥ እስኪጀምራት ሳይጠብቁ አስቀድመው ወደ ማቆያው ቢያደርሷት ይበጃል።