የስፖርት ፈረስ ለመግዛት የሚያስብ የቤይሩት ነዋሪ ሊያውቀው የሚገባ

በቤይሩት ከተማ ከብሔራዊ ሙዚየሙ አጠገብ የሚገኘው የፈረስ እሽቅድድም ሜዳ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። አልፍሬድ ሱርሱቅ በኦቶማን አገዛዝ ማብቂያ ዘመን ያስጀመረው ይህ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1982 በእስራኤል ወረራ ወቅት ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ዳግም ሥራ ጀምሯል። የሜዳው መታወቂያ የዐረብ ፈረስ ነው። በከተማዋ ዳርቻዎች መሰናክል መዝለልን የሚለማመዱ ወጣቶች የሚመኙት ግን ከአውሮፓ የሚመጣውን "ዋርምብለድ" የተሰኘ የስፖርት ፈረስ ነው።

ስያሜው "ሞቅ ያለ ደም" ማለት ሲሆን የሚያመለክተውም የሰውነት ሙቀትን ሳይሆን ጠባይን ነው። ፈጣኖቹና ንቁዎቹ የዐረብና የእንግሊዝ እሽቅድድም ፈረሶች "ትኩስ ደም"፣ ጋሪና ማረሻ የሚጎትቱት ግዙፎቹና ዝግተኞቹ ደግሞ "ቀዝቃዛ ደም" ይባላሉ። ዋርምብለድ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። በምሥራቅ ፕሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1732 የተቋቋመው የትራኬነን ማርቢያ ለዝርያው ግንባታ የዐረብ ድንጉላዎችን ተጠቅሟል። እንግዲህ ዛሬ ከአውሮፓ በውድ ዋጋ ከሚገዙት ፈረሶች የብዙዎቹ የዘር ሐረግ መልሶ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ያደርሳል።

ትልቁ ፈተና ገዢው ቤይሩት፣ ፈረሱ ጀርመን ወይም ኔዘርላንድስ መሆናቸው ነው። የሻጭ ቪዲዮ ውብ ዝላይን እንጂ የታመመ መገጣጠሚያን አያሳይም። ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ገዢው ራሱ የመረጠው፣ ከሻጩ ጋር የጥቅም ትስስር የሌለው የእንስሳት ሐኪም ፈረሱን ሊመረምር ይገባል። ሐኪሙ ልብን፣ ሳንባንና ዓይንን ያያል፤ እግርን ለአጭር ጊዜ አጥፎ ከያዘ በኋላ ፈረሱ ሲሶመሶም ያነክስ እንደሆነ ይከታተላል፤ መገጣጠሚያዎችንም በራጅ ያነሣል። የደም ናሙና ተወስዶ መቀመጡም ይጠቅማል፤ ፈረሱ በምርመራው ዕለት ሕመም የሚያደነዝዝ መድኃኒት ተሰጥቶት እንደነበር ኋላ ማረጋገጥ ይቻላልና። በፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው ቁጥርም በአንገቱ ቆዳ ሥር ካለው ማይክሮቺፕ ጋር መመሳከር አለበት።

ሁለተኛው ስሕተት ለጀማሪ ጋላቢ ወጣትና ኃይለኛ ፈረስ መምረጥ ነው። አበው "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይላሉ። ገና የሚማር ልጅ የሚያስፈልገው በውድድር የበሰለ፣ ዕድሜው ገፋ ያለና ጠባዩ የረጋ ፈረስ ነው። እንዲህ ያለው ፈረስ በራጅ ላይ አነስተኛ የዕድሜ ምልክት ቢታይበት እንኳ ለታሰበለት ሥራ ብቁ ሊሆን ይችላል።

በሊባኖስ ደግሞ የገንዘቡ ጉዳይ የተለየ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ባንኮች የደንበኞቻቸውን ዶላር በማገዳቸውና ሊራው ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን በማጣቱ፣ ከውጭ የሚገዛ ፈረስ የሚከፈለው ሕዝቡ "ፍሬሽ" በሚለው አዲስ ዶላር ነው። ወጪው በግዢ አያበቃም። 600 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በቀን 10 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ሣር ይፈልጋል፤ የኮቴው ብረት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይታደሳል፤ ሐኪም፣ ጋጣና ተንከባካቢ ሠራተኛም ያስፈልጉታል። በባሕር ዳርቻው የበጋ ወበቅ ለግዙፍ ፈረስ ከባድ ስለሆነ ልምምዱ ወደ ማለዳ ወይም ወደ ምሽት ሊዞር ይገባል።

ችግር ሲመጣ መኪና ይቆማል፤ ፈረስ ግን በየዕለቱ ይበላል። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ አስቀድሞ የሚያሰላው የፈረሱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ ገቢው ቢቋረጥ እንስሳውን ስንት ወር መመገብ እንደሚችል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው በወር እየከፈለ የክለብ ፈረስ ቢጋልብ ለራሱም ለእንስሳውም ይበጃል።