ጓሳ የሚከፈትበት ቀን

በግሼና በመንዝ ደጋ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ወዲያው አይበተንም። ጸበሉን ቀምሶ፣ መስቀሉን ተሳልሞ፣ ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ ከቅጥሩ ጥግ ይቆማል። ዜናው ገና ነዋ! የቀበሌው ሊቀመንበር ወይም የእድሩ ዳኛ ወደ ፊት ወጣ ይልና ይጀምራል፦ የመሬት ግብር የሚገባበት ቀን፣ የጤና መድን መዋጮ፣ የተፋሰስ ሥራ የሚወጣበት ጎጥ፣ የሕፃናት ክትባት፣ ከትናንት ወዲያ የጠፋች አህያ። ከግሼ ወረዳ መቀመጫ ከራቤል ጀምሮ እስከ መሐል ሜዳ ባለው ብርዳም አገር የመስተዳድር ወሬ ገበሬው ጆሮ የሚገባው እንዲህ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በቀብር።

ከተሜ አንባቢ ሬዲዮና ስልክ ባለበት ዘመን ይህ ምን አስፈለገ ይል ይሆናል። ሬዲዮውም ስልኩም ገብቷል። ነገር ግን ሬዲዮ የአንድ ጎጥ ሰው ሐሙስ እርከን ሊሠራ እንደሚወጣ አይናገርም፤ ስልክም የሚደወለው ለሚያውቁት ሰው ነው። በቅጥሩ የተነገረ ግን ለባለጸጋውም ለድኻውም በአንድ ጊዜ ይደርሳል። "አልሰማሁም" የሚል ሰው ቢኖር ጎረቤቱ "አብረን ቆመን አልነበር?" ይለዋል፤ ነገሩ ያበቃል። ይህ ቀላል አይምሰል። መንዝ አንድ ትልቅ የጋራ ሀብት ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቆ የኖረው በእንዲህ ያለ ማስታወቂያ ላይ ቆሞ ነው። ሀብቱ ጓሳ ይባላል፤ ጠባቂው ሥርዓት ደግሞ ቄሮ።

ቃሉ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ዛሬ "ቄሮ" ሲባል የብዙው አንባቢ ልብ ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. ወደነበረው የኦሮሞ ወጣቶች ንቅናቄ ይሄዳል። በአፋን ኦሮሞ ቃሉ ያላገባ ወጣት ማለት ነው፤ ንቅናቄውም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የመንዙ ቄሮ ሌላ ነው። እሱ የጋራ መሬትን የመዝጋት፣ የመጠበቅና የመክፈት ሥርዓት ስም ሲሆን፣ በመንዝ አፍ ላይ የኖረው ንቅናቄው ከመታወቁ ከብዙ ትውልድ በፊት ነው። ሁለቱ በፊደል ገጠሙ እንጂ በሥራ አይገናኙም። አንዳንድ ጸሐፊዎች መምታታቱን ሽሽት የመንዙን ስም ጭራሽ ትተው "ባህላዊ የአካባቢ ጥበቃ" እያሉ ይጽፋሉ። ይህ ስንፍና ነው። ስሙን ጠርቶ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ማንንም አያደክምም፤ ስሙ ከጠፋ ግን ሥርዓቱ ትናንት ከውጭ በመጣ ፕሮጀክት የተፈለሰፈ ይመስላል።

ስለ ጓሳ ራሱ ባጭሩ። ጓሳ የሣር ስም ነው፤ ሣሩ የሞላበት ከፍተኛ ቦታም በሱ ይጠራል። ቦታው ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። ምንጮቹ ወደ አባይም ወደ አዋሽም ይወርዳሉ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የጓሳ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶው 67 ጊዜ ሲሳካለት ብቻውን ሲሆን ግን 25 ጊዜ ብቻ እንደሚሳካለት መዝግቧል። የውጭ ጎብኚ የሚመጣው በአብዛኛው እነዚህን እንስሳት ሊያይ ነው። ደግ አደረገ፤ ሣሩን ሳያይ ባይመለስ ደግሞ የበለጠ ደግ ያደርጋል።

ሣሩን ያልነካ ሰው ሥርዓቱ ለምን እንዳስፈለገ አይገባውም። ጓሳ ቀጭን፣ ረዥምና ጠንካራ ነው። በጣት ጠምዝዘው ቢስቡት ቶሎ አይበጠስም፤ መዳፍ ይቆርጣል እንጂ። የመንዝ ሰው በሱ የድንጋይ ቤቱን ይከድንበታል፤ በደንብ የተከደነ የጓሳ ጣሪያ ከገለባ ክዳን እጅግ አብልጦ ይቆያል። ገመድ ይገምድበታል። ገሳም ይሠራበታል፤ ገሳ በሐምሌ ዝናብ በግ የሚጠብቅ ልጅ ከራሱ እስከ ጉልበቱ የሚለብሰው የሣር ካፖርት ነው። ይህ ጸሐፊ አንድ እረኛ ገሳውን አውልቆ ሲያራግፍ አጠገቡ ቆሞ አይቷል። የላይኛው ሣር ውኃ ያንጠባጥባል፤ የውስጡ ደረቅ ነበር፤ የልጁ ሸሚዝ ላይም አንዲት ጠብታ አልነበረችም። ለማገዶ ደግሞ ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ አለ። ዛፍ በማይበቅልበት ደጋ ይህ ሁሉ ማለት ቤት፣ ልብስና እሳት ማለት ነው።

ስለዚህ ሕግ አስፈለገ። በአገሬው ትውፊት ጓሳን ለዘሮቻቸው የከለሉት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ናቸው፤ ዘመኑም 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። ከነሱ የሚወለድ ሁሉ በአጽመ ርስት የመጠቀም መብት ነበረው። ተጠቃሚው በየአጥቢያው ይደራጅ ነበር፤ በላዩ ላይ አባ ቄራ የሚባል በስምምነት የተመረጠ አለቃ ይቆም ነበር። አባ ቄራ ጓሳን ሲዘጋ ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ክረምት አይደለም፤ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ሙሉ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማጭድም ከብትም አይገባም። አቅም ያለው አባወራ ተራው ሲደርስ ወጥቶ ይጠብቃል፤ ጥበቃውን የቀረ፣ በስርቆሽ ያጨደም ቅጣቱ የከበደ ነበር። አዛውንት ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደነበር ይተርካሉ።

ስለ ቄሮ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወዱት ይህን የቅጣቱን ወሬ ነው። ይህ ጸሐፊ ግን የሥርዓቱ ልብ ያለው በመክፈቻው ቀን ላይ ነው ባይ ነው።

ሣሩ ደርሷል፣ አገሩም ክዳን ቸግሮታል ሲባል አባ ቄራና ሽማግሌዎቹ መክረው ቀን ይቆርጡ ነበር። ቀኑ በበጋው መካከል፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ግድም ይሆናል። ከዚያ ማስታወቁ ይጀምራል፦ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በቀብር። ሦስቱ የተመረጡት በዘፈቀደ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የአንዱን አጥቢያ ሰው ሁሉ ይይዛል። ገበያ የብዙ አጥቢያ ሰው ያገናኛል፤ ሆኖም ሁሉም ቤት ሰው አይልክም። ቀብር ደግሞ ከቤቱ የማይወጣውን ሽማግሌ፣ ገበያ የማይሄደውን ድኻ፣ ከሩቅ የተዳረችውን ሴት ልጅ ሳይቀር ይሰበስባል። አንዱ ያጎደለውን ሌላው ይሞላል። በሦስቱም ሳይሰማ የሚቀር ቤት ካለ እሱ በእውነት የብቸኛ ቤት ነው።

ማስታወቂያው ምንም ነገር ለግምት አይተውም ነበር። የትኛው ቀን፣ የትኛው ወገን፣ ምን ለማድረግ ተብሎ ይነገራል፤ መጀመሪያ ሣር ይታጨዳል፣ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነውና። ቀኑ የሁሉም በመሆኑ ቀድሞ የገባ ሁሉ ሌባ ነው፤ ለመፍረድ ሌላ ማስረጃ አያሻም። ይህ ነው የረቀቀው ነገር። ለአምስት ዓመት የጠበቀ ሰው ጎረቤቱ አንድ ሌሊት እንደሚቀድመው ቢጠረጥር እሱም ያንኑ ሌሊት ይወጣል፤ ሌላውም ይከተላል፤ ጓሳ በአንድ ሳምንት ባዶ ይሆናል። ቀኑ በሁሉም ጆሮ እኩል መግባቱ ጥርጣሬውን ከሥሩ ይነቅለዋል።

ዋዜማው ደርሶ ሰው ማጭዱን ስሎ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ አህያውን ጭኖ ወደ ጓሳ ዳርቻ ይወጣና እዚያው ያድራል። የበጋ ሌሊት በዚያ ከፍታ ውርጭ ነው፤ ሲነጋ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ወሰኑ አጥር የለውም፤ ያደረውን ሰው ከሣሩ የለየው የተነገረው ቀን ብቻ ነበር። ሲነጋ ይገባል።

መዝጊያው ግን ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ የቀን መቁጠሪያው ራሱ ይናገራል። ሐምሌ 5 ቀን፣ በሐምሌ አቦ፣ የሐዋርያት ጾም ይፈታል፤ ክረምቱም ገብቷል። ያን ቀን ሰውም ከብትም ከጓሳ ይወጣል። ጾም መቼ እንደሚፈታ የማያውቅ የመንዝ ሰው ስለሌለ ሕጉን ረሳሁ የሚልም አይኖርም።

ሥርዓቱን ከዓለም ክርክር ጋር እናስተያየው። እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ጻፈ፤ እያንዳንዱ ገበሬ አንድ ከብት ይጨምራል፣ ሣሩም ያልቃል ሲል። ጽሑፉ በዓለም ዙሪያ ፖሊሲ እስከ መቅረጽ ደረሰ። ሃርዲን ያሰበው ማንም የማያዝዘውን መሬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኘችው የመጀመሪያዋ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ሕግ ያለው የጋራ መሬት ለብዙ መቶ ዓመታት ሊኖር እንደሚችል በምሳሌ አሳየች። ከምሳሌዎቿ አንዱ ተርበል የተባለ የስዊዘርላንድ ተራራማ መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1517 የወጣ ደንቡ ማንም ሰው ክረምቱን መቀለብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳይልክ ያግዳል። የመንዝ አባ ቄራ ይህን ቢሰማ ወዲያው ይገባው ነበር። የኛን ጉዳይ በዚህ ዓይን መርምሮ ለዓለም ያሳወቀው ዘላለም ተፈራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በጓሳ የጋራ አያያዝ ላይ ነበር።

ቄሮ እንከን አልነበረበትም ማለት ግን አይደለም። ከአስቦና ከጌራ የማይወለድ ሰው ጓሳን ከሩቅ ያየው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ ሲታወጅ አጽመ ርስት ቀረ፤ ያልተወለደውም ገባ። ፍትሕ ነበር። ነገር ግን ከርስቱ ጋር አባ ቄራም ቀረ፤ ቀን የሚቆርጥ፣ ቀኑንም የሚናገር ሰው ጠፋ። ሁሉም በየፈለገው ቀን ማጨድ ጀመረ፤ ጓሳም ተጎዳ። ኋላ ላይ የአካባቢው ገበሬ ማኅበራት ተወካዮቻቸውን መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በዘር ሳይሆን በነዋሪነት ላይ የቆመ፣ መዝጋትና መክፈትን ግን ከአባቶች የወሰደ። በቅርብ ዘመን የአማራ ክልል መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በደንብ ዕውቅና ሰጠው።

ፓርክ አይደለም ማለት ነው። ይህ ጸሐፊ በመሐል ሜዳ አንድ አዛውንት "አባቴ፣ ጓሳ ፓርክ በየት በኩል ነው?" ተብለው ሲጠየቁ ሰምቷል። አዛውንቱ "የቱ ፓርክ?" ብለው ዝም አሉ። ጠያቂው "ጓሳ" ብሎ ሲደግምላቸው በዱላቸው አቅጣጫውን አሳዩት። የአስጎብኚ ድርጅቶች ይህን ስሕተት በየማስታወቂያቸው መድገማቸውን ቢተዉ መልካም ነው። ብሔራዊ ፓርክ የመንግሥት ነው፤ ጓሳን የሚዘጋውና የሚከፍተው ገበሬው ነው።

ወደ ማስታወቂያው እንመለስ። አዋጅና ድምፅ በአገራችን አብረው የኖሩ ናቸው። መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ ስሙን የወሰደው አዋጅ ከሚጎሰምበት ከበሮ፣ ከነጋሪት ነው። የአማራ ክልል ሕጎች ደግሞ በዝክረ ሕግ ይታተማሉ። ጽሑፉ ለዳኛና ለመዝገብ አስፈላጊ ነው። ግን አንዳንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ወረቀቱን ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፎ "ተነግሯል" ብሎ ይቀመጣል። ይህ ጸሐፊ ሦስት ሰዓት በእግር የተጓዘች እናት ቀኑ ያለፈበት እንዲህ ያለ ወረቀት ፊት ቆማ ሰው ሲያነብላት አይቷል። ማስታወቂያው ትክክል ነበር፤ ማኅተሙም አለበት። እሷ ዘንድ ግን አልደረሰም። በቅጥሩ የሚናገሩትም ቢሆኑ ከጥፋት የጸዱ አይደሉም፤ ለግማሽ ሰዓት ፖለቲካ አውርተው ቀኑንና ቦታውን በመጨረሻ፣ ሰው መበተን ሲጀምር፣ ቶሎ ብለው ይጠሩታል።

የራቤልም ሆነ የመሐል ሜዳ፣ የሌላውም ወረዳ ኃላፊዎች አንድ ነገር ያድርጉ፦ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ከመዋሉ በፊት በሁለት እሁድና በአንድ የገበያ ቀን ይነበብ፤ ሲነበብም ቀኑ፣ ቦታውና ጉዳዩ ይቅደም።