ዮጋ ለአእምሮ ጤና የሚሰጠው ድጋፍና ወሰኑ

የህንድ መንግሥት ሠራተኞች በሥራ ሰዓት ለ5 ደቂቃ ያህል ጠረጴዛቸውን ትተው ዮጋ እንዲሠሩ የሚያበረታታ መርሐ ግብር ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ‹‹ዋይ ብሬክ›› የተሰኘውን ይህን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2021 በሞባይል ስልክ መተግበሪያ መልክ ያቀረበው በአገሪቱ የባህላዊ ሕክምና ዘርፎችን የሚመራው የአዩሽ ሚኒስቴር ነው። በዚያው ዓመት የአገሪቱ መንግሥት የሠራተኞችና የሥልጠና መምሪያ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በሙሉ አሠራሩን በሠራተኞቻቸው ዘንድ እንዲያስተዋውቁ በጽሑፍ ጠይቋል።

የ5 ደቂቃው ልምምድ ቆሞ እጅን ወደ ላይ በመዘርጋት፣ ትከሻን በማዞርና ወገብን በማፍታታት ይጀምራል። ቀጥሎም የአፍንጫን ቀዳዳዎች እያፈራረቁ መተንፈስና እንደ ንብ እየጮኹ አየርን ቀስ ብሎ ማስወጣት ይከተላል፤ መጨረሻውም ዐይንን ጨፍኖ ለጥቂት ጊዜ በጸጥታ መቆየት ነው። ከውጭ ለሚመለከተው ተራ የሰውነት ማፍታቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ለአእምሮ ጤና የሚሰጠው ጥቅም በአብዛኛው የሚያያዘው ከአተነፋፈሱ ጋር ነው።

ጉዳዩ የአስተዳደር አካላትን ትኩረት መሳቡ ያለምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በድባቴና በጭንቀት ሕመም ሳቢያ በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት ይባክናሉ።

ሰው በሚጨነቅበት ወቅት ልቡ ይፈጥናል፣ ጡንቻው ይወጠራል፣ ትንፋሹም ያጥራል። ይህን የሚያዝዘው ከሰው ፈቃድ ውጭ የሚሠራው የነርቭ ሥርዓት ሲሆን፣ አንደኛው ክፍሉ አካልን ለአደጋ ሲያዘጋጅ ሌላኛው ያረጋጋዋል። ማንም ሰው ልቡን ‹‹ቀስ በል›› ብሎ ማዘዝ አይችልም። ትንፋሽ ግን ከዚህ ይለያል፤ ሳይታሰብ የሚከናወን ቢሆንም በፈቃድ ሊዘገይ ይችላል። አንድ ጎልማሳ በዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ይህን ወደ 6 ጊዜ ገደማ ሲያወርደውና አየር የሚያስወጣበትን ጊዜ ሲያስረዝመው፣ ከአንጎል ሥር ተነሥቶ እስከ ልብና ሆድ ዕቃ የሚዘልቀው ‹‹ቬገስ›› የተባለው ነርቭ የልብን ምት ያረግባል። በሌላ አነጋገር፣ ትንፋሽ በቀጥታ ወደማይታዘዘው ሥርዓት መግቢያ በር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ትኩረት ነው። ‹‹ዮጋ›› የሚለው ቃል የተገኘበት የሳንስክሪት ሥር እንስሳትን በቀንበር መጥመድን የሚያመለክት በመሆኑ፣ በበሬ ለሚያርስ ኅብረተሰብ ትርጉሙ እንግዳ አይሆንም። የሚጠመደው ሐሳብ ነው። ድባቴና ጭንቀት ያለበት ሰው ያለፈውን ወይም ገና ያልመጣውን ሲያብሰለስል ይውላል። ልምምዱ ሐሳቡን አሁን ወዳለው ትንፋሽና ወደ ሰውነቱ እንዲመልስ፣ ሲሸሽበትም እንደገና እንዲመልሰው ያሠለጥነዋል።

በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 3 ጊዜ ለአንድ ሰዓት ዮጋ የሠሩ ሰዎች ለተመሳሳይ ጊዜ በእግር ከተጓዙት ይልቅ በ12 ሳምንታት ውስጥ ስሜታቸው መሻሻሉንና ጭንቀታቸው መቀነሱን አሳይተዋል። ጥናቱ 34 ሰዎችን ብቻ የያዘ በመሆኑ ግን በእርሱ ላይ ብቻ ተመሥርቶ መወሰን አይቻልም።

ይበልጥ ሚዛን የሚደፋው እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ነው። የጭንቀት ሕመም ያለባቸው 226 ጎልማሶች በዕጣ ተከፍለው አንዱ ክፍል ዮጋ፣ ሌላው በንግግር የሚሰጥና የአስተሳሰብና የባህርይ ለውጥ ላይ የሚያተኩር ሕክምና፣ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ውጥረት ትምህርት ብቻ እንዲከታተል ተደረገ። ከ12 ሳምንታት በኋላ ጉልህ መሻሻል ያሳዩት ከዮጋው ክፍል 54 በመቶ፣ ከንግግር ሕክምናው 71 በመቶ፣ ከትምህርቱ ደግሞ 33 በመቶ ነበሩ። ዮጋ ከትምህርቱ ቢበልጥም የሕክምናውን ያህል አልሠራም። ከ6 ወራት በኋላ በተደረገው ክትትልም ከትምህርቱ በግልጽ በልጦ የተገኘው የንግግር ሕክምናው ብቻ ነው።

በዚህ ጥናት የተሳተፉት በሳምንት አንድ ቀን ለ2 ሰዓት በጋራ፣ በየቀኑም ለ20 ደቂቃ በቤታቸው ተለማምደዋል። ስለሆነም የ5 ደቂቃው የቢሮ መርሐ ግብር ዕረፍት እንጂ ሕክምና ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። በሥራ ብዛት የሚመጣውን መታከትም ሥራን በአግባቡ ማከፋፈል እንጂ ትንፋሽ ብቻውን አያስወግደውም።

ዮጋ በዓለም አቀፍ ደረጃ ዕውቅና ካገኘባቸው አጋጣሚዎች አንዱ በአዲስ አበባ የተፈጸመ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጁን 21 የዮጋ ቀን እንዲሆን የወሰነ ሲሆን፣ ዩኔስኮ ደግሞ ዮጋን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የገዳ ሥርዓት በተመዘገበበት በኅዳር 2009 ዓ.ም የአዲስ አበባ ስብሰባ ነው። በሌላ በኩል ልምምዱ ከህንድ ሃይማኖታዊ ትውፊት ጋር ያለው ትስስር በልዩ ልዩ አገሮች ጥያቄ ያስነሣል፤ የማሌዢያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2008 ሙስሊሞች ከዮጋ እንዲርቁ ወስኗል። በጤና ተቋማት የሚሰጠው ዮጋ በአብዛኛው በእንቅስቃሴውና በአተነፋፈሱ ላይ የተወሰነ ነው።

ጀማሪዎች በሠለጠነ አሠልጣኝ ቢታገዙ ይመረጣል። የዐይን ግፊት ወይም ቁጥጥር ያልተደረገለት የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ጭንቅላትን ወደ ታች ከሚያደርጉ አቋቋሞች፣ ነፍሰ ጡሮች ትንፋሽን ለረጅም ጊዜ ከመያዝ መቆጠብ ይኖርባቸዋል። ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው ረጅም የተመስጦ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ሊያማክር ይገባል። የታዘዘ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ዮጋ ስለ ጀመረ ብቻ መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ ማቋረጥ የለበትም። ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ ከ2 ሳምንት በላይ የዘለቀ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎቱ የተዛባ ወይም ሕይወቱን ስለ ማጥፋት የሚያስብ ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።