ማሽኑ ሲጮህ ሁሉ ወርቅ አይደለም፦ የወርቅ መፈለጊያ ማሽንን ከአፈር ጋር በእጅ ማመጣጠን

በቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በጉጂና በትግራይ ወርቅ በባህላዊ መንገድ በሚመረትባቸው አካባቢዎች፣ ከዶማና ከገበቴ ጎን ለጎን በተለምዶ «ዲቴክተር» የሚባለው የብረታ ብረት መፈለጊያ ማሽን ሥራ ላይ ይውላል። ማሽኑን ለመግዛትም ሆነ ለመከራየት የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ማሽኑ በየእርምጃው እየጮኸ ባዶ ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ አለበለዚያም ወርቅ ባለበት ቦታ ላይ ዝም ብሎ ያልፋል። ለዚህ ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ማሽኑ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ከቦታው አፈር ጋር አለመመጣጠኑ ነው። ይህ ሥራ በማሽኖቹ ላይ «ግራውንድ ባላንስ» ተብሎ ይታወቃል።

አፈር ለምን ማሽንን ያስጮሃል?

ኮይል የሚባለው የማሽኑ ክብ ክፍል የመግነጢስ ኃይል ወደ መሬት ይልካል። ኃይሉ ብረታ ብረት ሲያገኝ በውስጡ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል፤ ማሽኑም ከዚያ የሚመለሰውን ደካማ ምላሽ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል።

ችግሩ አፈሩም ምላሽ የሚሰጥ መሆኑ ነው። ወርቅ አጣቢዎች ይህን በዓይናቸው ያውቁታል። አሸዋው በገበቴ ታጥቦ ሲያልቅ ከወርቁ ጋር ከሥር የሚቀረው ከባድ ጥቁር አሸዋ በአብዛኛው የብረት ማዕድን ያለበት ነው፤ መግነጢስ ሲጠጋው ተስቦ ይጣበቃል። ቀይ አፈርም ቀለሙን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው። እሳት የነደደበት መሬት፣ ለምሳሌ ከሰል የከሰለበት ወይም ምንጣሮ የተቃጠለበት ቦታ፣ በሙቀቱ ምክንያት የመግነጢስ ጠባዩ ስለሚጨምር ከአጠገቡ ካለው መሬት የተለየ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። ውኃ የያዘና ጨዋማ አፈር ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በራሱ መንገድ ማሽኑን ያውካል።

የአፈር ምላሽና የብረታ ብረት ምላሽ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። የብረት ማዕድን ያለበት አፈር ምላሹን ከሞላ ጎደል ወዲያውኑ ሲመልስ፣ ብረታ ብረት ግን እጅግ በጣም አጭር በሆነ ጊዜ ዘግይቶ ይመልሳል። ማመጣጠን ማለት ማሽኑ ይህን ልዩነት ተጠቅሞ የቦታውን አፈር ምላሽ እንዲቀንስና የቀረውን ብቻ እንዲያሰማ ማድረግ ነው። የጥቃቅን ወርቅ ምላሽ እጅግ ደካማ በመሆኑ፣ አፈሩ ካልተቀነሰ በጩኸቱ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል።

በእጅ የማመጣጠን ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ንጹሕ ቦታ ይመረጣል። ኮይሉን ወደ ጎን በማወዛወዝ ብረታ ብረት የሌለበት፣ ድምፁ ወጥ የሆነ መሬት ይፈለጋል። ዶማ፣ አካፋ፣ ቁልፍና ስልክ ከኮይሉ መራቅ አለባቸው፤ ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር መሥራትም አይመከርም።

ቀጥሎ ማሽኑ ብረታ ብረትን ሳይለይ ሁሉንም ወደሚያሰማበት «ኦል ሜታል» ወደሚባለው አሠራር ይዞራል። የስሜት መጠኑ መካከለኛ ላይ ይደረጋል፤ ከልክ በላይ ከፍ ማድረግ የአፈሩን ጩኸት ያበዛል።

ከዚያ ኮይሉ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይደረግና፣ መሬቱን ሳይነካ እስከ 3 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይወርዳል። ይህ ወደ ላይና ወደ ታች የሚደረግ እንቅስቃሴ ሳይቸኩሉ በእኩል ፍጥነት ይደጋገማል።

ዋናው ሥራ ማዳመጥ ነው። በብዙ ማሽኖች ኮይሉ ሲወርድ ድምፁ የሚጎላ ከሆነ የማመጣጠኛው ቁጥር ይቀነሳል፤ ሲነሳ የሚጎላ ከሆነ ደግሞ ይጨመራል። በአንዳንድ ማሽኖች አቅጣጫው ስለሚለይ መመሪያውን ማየት ያስፈልጋል። መመሪያው ከሌለ ቁጥሩን በጥቂቱ አንቀሳቅሶ ማዳመጥ ይቻላል፤ ልዩነቱ ከቀነሰ አቅጣጫው ትክክል ነው፣ ከባሰ ወደ ሌላው ጎን ይመለሳል።

ኮይሉ ሲነሳም ሲወርድም ድምፁ እኩል ሲሆን ማሽኑ ተመጣጥኗል። ጥቃቅን ወርቅ የሚፈልጉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ኮይሉ ሲወርድ እጅግ ስስ ድምፅ እስኪቀር ድረስ ብቻ ያስተካክላሉ። አፈሩን ከሚገባው በላይ መቀነስ ከአፈሩ ጋር የትንሿን ወርቅ ድምፅም ሊያጠፋ ይችላልና።

በመጨረሻ ሙከራ ይደረጋል። እንደ ሽምብራ ፍሬ ያለች የእርሳስ ቁራጭ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተቀብራ ኮይሉ በላይዋ ይታለፋል። ጥርት ያለ ድምፅ ከተሰማ ሥራው ተሳክቷል፤ ቁራጯም ተለቅማ መነሳት አለባት።

ይህ አሠራር ባለማቋረጥ ኃይል ለሚልኩ የተለመዱ ማሽኖች የሚሆን ነው። በቅጽበታዊ ምት የሚሠሩት፣ ዋጋቸው ከፍ ያሉ ማሽኖች የየራሳቸው የማመጣጠኛ ዘዴ ስላላቸው የአምራቹን መመሪያ መከተል ይገባል።

አንድ ጊዜ ብቻ በቂ አይደለም

ጠዋት በወንዝ ዳር የተመጣጠነ ማሽን ከሰዓት በኋላ በተረተሩ ላይ ልክ ላይሆን ይችላል። የአፈሩ ቀለም ሲለወጥ፣ ከቀይ አፈር ወደ ዋልካ ሲገባ፣ ዝናብ ሲጥል ወይም ኮይል ሲቀየር ሥራው እንደገና መሠራት አለበት። ያለ ምክንያት ጩኸት ሲበዛም የመጀመሪያው እርምጃ መቆፈር ሳይሆን እንደገና ማመጣጠን ነው።

ብዙ ማሽኖች አፈሩን እየተከተሉ ራሳቸው የሚያመጣጥኑበት አሠራርም አላቸው። ይህ አፈሩ በየእርምጃው በሚለዋወጥበት ቦታ ይጠቅማል። ሆኖም በአንድ ደካማ ድምፅ ላይ ኮይሉ ደጋግሞ ሲመላለስ ማሽኑ ወርቁን እንደ አፈር ቆጥሮ ቀስ በቀስ ሊያጠፋው ይችላል። በእጅ የተመጣጠነ ማሽን ግን ሰው እስካልነካው ድረስ ቅንብሩን አይለውጥም።

ማሽኑ የማይናገረው

ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢመጣጠን፣ ማሽኑ ከመሬት በታች ብረታ ብረት መኖሩን እንጂ ምንነቱን በእርግጠኝነት አይናገርም። ወርቅም፣ የቀለሃ ቁራጭም፣ ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂም ሊያስጮኹት ይችላሉ። ስለዚህ ጦርነት በተካሄደባቸው ቦታዎች፣ ምሽግና የጦር ሰፈር በነበሩ መሬቶች ላይ በዚህ ማሽን ወርቅ መፈለግ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። የወርቅ መፈለጊያ ማሽን አንድ ቦታ ከፈንጂ ነጻ መሆኑን ለማረጋገጥም አያገለግልም። አጠራጣሪ ነገር የገጠመው ሰው ሳይነካውና ሳያንቀሳቅሰው መቆም፣ በመጣበት ዱካ መመለስ፣ ሌሎች እንዳይጠጉ ማስጠንቀቅና በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ወይም ለቀበሌ አስተዳደር ማሳወቅ ይኖርበታል።

ወርቅ ማምረትም ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ የሚሰጡት ክልሎች ናቸው።

በእርሻ ማሳ ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይነሳል። ለሰብል የሚሆነው ምግብ አብዛኛው የሚገኘው በላይኛው የአፈር ሽፋን ነው። ሲቆፈር ይህን ሽፋን ለብቻው ማኖር፣ ሲደፈንም የታችኛውን አፈር አስቀድሞ የላይኛውን በመጨረሻ መመለስ የማሳውን ለምነት ይጠብቃል፤ ክፍት ጉድጓድ ለከብትም ለሰውም አደጋ ነውና። ማሽኑን ለማመጣጠን የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በከንቱ የተቆፈረ ማሳ ወደ ቀድሞ ምርቱ እስኪመለስ ግን ከአንድ ክረምት በላይ ሊወስድ ይችላል።