ሕመሙን የሚያውቅ በሽተኛ

ከመካከላችን ወገቡን ደግፎ ከመቀመጫው የሚነሣ፣ ወይም ግንባሩን በሻሽ አስሮ የሚያጠና ተማሪ አይጠፋም። ቢጠይቁት «ደኅና ነኝ» ይላል፤ ሕመምን ችሎ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ እንደ ጨዋነት ይቈጠራልና። ይህ ጨዋነት ለሰሞን ሕመም አይከፋ ይሆናል፤ ከ3 ወር በላይ ለቈየ ወይም እየተመላለሰ ለሚያሠቃይ ሕመም ግን አይበጅም። ሐኪሞች ሥር የሰደደ ሕመም የሚሉት ይህንኑ ነው።

የወገብን ሕመም እንውሰድ። ብዙዎቻችን ምክንያቱ በፎቶግራፍ ይታያል ብለን እናምናለን። ከዘመድ ተበድሮ ኤም አር አይ የሚነሣ፣ ወረቀቱ ላይ «ዲስኩ ተዳክሟል» የሚል ሲያነብም ትምህርቱ ያከተመለት የሚመስለው አለ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ምንም ሕመም የሌላቸውን ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች ውጤት አሰባስቦ ቢመለከት፣ የዲስክ መዳከም በ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶ ያህል፣ በ80 ዓመት ሽማግሌዎች 96 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ምስሉ ዋሸ ማለት አይደለም፤ ብቻውን ሕመሙን አይናገርም ማለት ነው። እንዲሁም ሕመም ሲሰነብት የነርቭ ሥርዓት ራሱ ከመጠን በላይ ንቁ ሊሆን ይችላል፤ የተጎዳው ሥጋ ድኖ ሕመሙ ይቀጥላል። ስለዚህ «ምንም አልተገኘብህም» ማለት «አላመመህም» ማለት አይደለም።

እንግዲህ ምስሉ የማይናገረውን የሚናገር ማነው? በሽተኛው ነው። መቼ እንደሚነሣበት፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ምን መሥራት እንዳቃተው ለሁለት ሳምንት በደብተር ጽፎ የሚቀርብ ሰው ለሐኪሙ ብዙ ሥራ ያቀልለታል። የክሊኒኩ ሰልፍ ረጅም፣ የሐኪሙ ጊዜ አጭር ነውና። (የሰልፉ ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ እትም ይቈየን።) «ይህ ክኒን ስሙ ማነው? ለስንት ቀን ልውሰደው? ካልተሻለኝስ?» ብሎ መጠየቅም ድፍረት አይደለም።

የክኒኑ ስም የሚያስፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ የጨጓራ ቍስልንና መድማትን፣ የኵላሊትንም ጉዳት ይጋብዛል። ጨጓራውን የሚያመው ተማሪ ስንት እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ፓራሲታሞል ከሌላ ወገን ነው፤ በጤናማ ጎልማሳ እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለት ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ካለፈ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። በብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስለሚገኝ ሳያውቁት መደረብ ቀላል ነው። ራስ ምታት ያለበት ሰውማ እንዲህ ያለውን ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ለሚበልጥ ጊዜ ከዋጠ፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊሆንበት ይችላል።

ቀጠሮ የማይጠብቅም አለ። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት አልይዝ ወይም አልወጣ ካለ፣ በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ወይም የእግር መዛል ከመጣ፣ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ትኵሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ከታከሉበት ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል፣ ወጌሻ ዘንድ ከመታሸት በፊት ሐኪም ይየው፤ ሳይታከም ከቈየ አጥንቱን በልቶ ጀርባን ያጐብጣል።